ክበባችን ‹‹ግድብ፣ ማዳበሪያና ባሕር ዛፍ ይቁም›› በሚል ወረቀት ላይ ይፈርም?

የማርቆሱ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። ክበብ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለ የችግኝ መደብ፣ ሁለት የውኃ ማጠጫና ቅዳሜ ጠዋት የሚመጡ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ከሲናንና ከማቻከል ገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ በሚላክ ስንቅ የሚማሩ ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ከክበቡ አባላት አንዷ፣ ጎበዝና ተናጋሪ ልጅ፣ አንድ ድርጅት ባዘጋጀው የወጣቶች ሥልጠና ተካፍላ ስትመለስ በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት ይዛ መጣች። አዲስ ግድብ ይቁም፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ይቁም፣ ባሕር ዛፍና ማንኛውም የውጭ ዝርያ ይነቀል፣ ከሰል ማክሰል ይከልከል ይላል። ፈራሚው ደግሞ በግሉ ሥጋ ላይበላና ከአንድ ልጅ በላይ ላይወልድ ቃል ይገባል። ከሁሉ በላይ ‹‹ሰው በምድር ላይ በዝቷል፤ መቀነስ አለበት›› የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎበታል። ከግርጌው፣ ሁሉንም ነጥብ ያልተቀበለ ክበብ በኅብረቱ ውስጥ እንደማይታቀፍ ተገልጿል።

ወረቀቱን ለልጆቹ ስታነብ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ‹‹አባቴ ደብተር የገዛልኝ ባሕር ዛፍ ሸጦ ነው፤ ሄጄ ልንቀለው?›› አላት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ‹‹ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መተው የለም፤ ምድር እየሞተች ነው›› አለች።

እኔ የጮቄ ተራራ ነገር የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝ። ጅብራና አስታ ይበቅልበት የነበረው ወገብ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት፣ አፈሩም በክረምት ጠቁሮ በሚወርደው ጎርፍ ወደ ዓባይ ሲሄድ አያለሁ። ስለዚህ የልጅቷን ትኩሳት በውኃ ማጥፋት አልፈልግም። ወረቀቱ ላይ ግን እጄ ሊሄድልኝ አልቻለም። ‹‹ይህ ፈረንጅ ያመጣው ነው›› ብዬ እንዳልዘጋው፣ የማስተምርበት መጽሐፍም ግማሹ ፈረንጅ ያመጣው ነው። ምን ብዬ ልመልስላት?

የቲሊሊው

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬን በደን ልማት ሥራ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ልጅቷን አይቆጧት። ወረቀቱንም አይፈርሙ።

መጀመሪያ ይህ ትምህርት የማን እንደሆነ ያስረዷት። ኖርዌያዊው ፈላስፋ አርነ ኔስ እ.ኤ.አ. በ1973 ‹‹ጥልቅ ሥነ ምኅዳር›› ያለውን ሐሳብ አቀረበ። በ1984 ደግሞ ከአሜሪካዊው ጆርጅ ሴሽንስ ጋር ሆኖ በስምንት ነጥቦች አጠቃለለው። ሌላው ሕይወት ያለው ነገር እንዲያብብ የሰው ቁጥር መቀነስ አለበት የሚለው ከስምንቱ አንዱ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል። ኔስን በክፉ አላነሳውም፤ ሰው ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገውን ከተፈጥሮ መውሰዱን አልነቀፈም። ችግሩ ‹‹ይቀነስ›› የተባለ ጊዜ ማን ይቀነስ የሚለው ነው።

መልሱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ትምህርት የያዘ ኧርዝ ፈርስት የሚባል ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቭ ፎርማን ነበር። ይህ ሰው በ1986 በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ እኛ ረኃብ ተናገረ። ለኢትዮጵያ እርዳታ መስጠት ከሁሉ የከፋው ነገር ነው፣ የሚሻለው ተፈጥሮ ሚዛኗን ራሷ እንድትፈልግ መተው፣ ሰዎቹንም እንዲራቡ መተው ነው አለ። ኋላ በንግግሩ እንደተጸጸተ ይነገራል፤ ይሁን። ግን ከአፉ ያመለጠው አልነበረም። ከያዘው እምነት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ቢሄድ የሚደርስበት ቦታ ያው ነው።

ያን ዘመን እኔ ፓዌ ነበርኩ። መተከል ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነው፤ ከወሎ በድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች በመኪና እየተጫኑ ይመጡ ነበር። እኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ ጎረምሳ፣ ሥራዬ መሬት መለካት። አንዲት ሴትዮ ከመኪናው ስትወርድ የነጠላዋን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ነበር። የመዝጋቢው ጸሐፊ ምን እንደያዘች ቢጠይቃት ፈትታ አሳየችው፤ እፍኝ የማትሞላ የማሽላ ዘር ናት። መጠለያ ውስጥ ልጅ ቀብራ፣ ራሷ በአጥንቷ ቀርታ፣ ያችን ዘር አልበላቻትም። ‹‹መሬት ትሰጡን የለ?›› አለችው። ፎርማን ለተፈጥሮ ሚዛን ሲል እንድትተው የፈለገው እሷን ነው። መምህር፣ የቀረውን ሁሉ ክርክር ብትረሱት ይህችን ሴት ለልጅቷ ይንገሩልኝ።

ሠፈራው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ቀርከሃው በትራክተር ሲገነደስ አይቻለሁ፤ መሬቱም ባለቤት ነበረው፣ ጉሙዙን ማን ጠየቀው? ግን ይህ ሌላ ክስ ነው፤ ሰው ሰውን ስለበደለበት ነገር የሚቀርብ ክስ። ወረቀታችሁ ይህን ክስ አያውቀውም። ለእሱ ሠፋሪውም ጉሙዙም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ‹‹የበዙ›› ናቸው።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሞያዬ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። ‹‹የውጭ ዝርያ ይነቀል፣ ከሰል ይከልከል›› ይላል። የእኛው አገር ፋግታ ለኮማ ወረዳ በሁለቱም ኃጢአት ትከሰሳለች። የወረዳዋ ገበሬ ተክሎ የሚያከስለው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የአውስትራሊያ ነው። ገበሬው ችግኙን የሚተክለው ጤፍ ከሚዘራበት ማሳ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው በዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ቅርንጫፉ ለቤቱ ማገዶ ይሆናል። ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርስና እንደገና ጤፍና ችግኝ። አገራችን አፈሩ ኮምጣጣ ነው፤ ዛፉ ያረፈበትና ከሰል የተከሰለበት ማሳ የተሻለ ጤፍ እንደሚሰጥ ያልነገረኝ ገበሬ የለም። ይህን ሥርዓት ዘመቻ አላመጣውም። ገበሬው ከጎረቤቱ እያየ ያስፋፋው ነው። በሳተላይት ምስል ያጠኑ ባለሙያዎች ወረዳው ውስጥ የዛፍ ሽፋን መጨመሩን አሳይተዋል። ሌላ ቦታ ከሰል የሚከሰለው ግራሩ እየተጨፈጨፈ ነው፤ እዚህ የሚከሰለው ተዘርቶ የበቀለ ነው። ወረቀቱ ይህን ልዩነት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ‹‹ከሰል›› ብሎ ያልፋል።

ባሕር ዛፉም እንዲሁ። ምንጭ ዳር ሲተከል ምንጭ እንደሚያደርቅ እኔም ስለፈልፍ ኖሬያለሁ፣ ከወንዝ ዳር አስነቅያለሁም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ባይኖር ቤቱ በምን ይሠራ ነበር? በየገዳሙና በየደብሩ ቅጽር ውስጥ የቀረችው ጥድና ወይራ ከመጥረቢያ የተረፈችው አንድም ቃጭል ይደወልበታል ተብሎ ስለተፈራ፣ አንድም ከደጅ ባሕር ዛፍ ስለነበረ ነው። የአገር በቀል ዛፍን ከጠበቁት አንዱ ይህ ‹‹መጤ›› መሆኑ ለአሠልጣኞቹ አይዋጥላቸውም።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን ያስሏት። አንድ አሜሪካዊ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት ወደ 14 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የኛ ሰው ሩብ ቶን አይሞላም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ‹‹ግድብ ይቁም›› ማለት እናቷ ኩበት ማንደዷን ትቀጥል ማለት ነው። ጢስ ውስጥ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ልጅቷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እርግጥ ሽቦው ገና ብዙ ቀበሌ አልደረሰም፤ መጮህ ካለባት ስለዚያ ትጩህ፣ አብሬያት እጮኻለሁ።

ሥልጠናው ላይ ውኃ የቀረበው በፕላስቲክ ጠርሙስ እንደነበረም ይጠይቁልኝ። ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

ገበሬ ነኝ፣ ከቡሬ

በግብርና ተመርቄ ወደ አባቴ መሬት የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ በቆሎና ስንዴ አመርታለሁ። ስለ ማዳበሪያው ብቻ ልጨምር።

ይህ ጥያቄ በአንድ አገር ተሞክሯል። የስሪላንካው ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ወደ አገሩ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከሉ። በምርጫ ጊዜ የተናገሩት በአሥር ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚቀየር ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስለነበረባቸው ‹‹ተፈጥሯዊ እርሻ›› የሚለው ስም ጥሩ መሸፈኛ ሆናቸው። ሩዙ አሽቆለቆለ፤ ሩዝ ራሷን ትችል የነበረች አገር ከውጭ መግዛት ጀመረች፤ የሻይ ገበሬውም ተጎዳ። ክልከላው ዓመት ሳይሞላው በኅዳር አካባቢ ተነሣ። ፕሬዚዳንቱ በ2022 ክረምት ከአገር ሸሹ። የወደቁት በማዳበሪያ ብቻ አይደለም፣ ዕዳውም ነዳጁም ነበር፤ ግን ገበሬው ከሰልፈኛው መካከል ነበረ።

እኛ እንኳ በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ የጠፋ ጊዜ እንዴት እንደሆንን የምናውቅ ነን። የዘር ጊዜ አይጠብቅም። ግንቦት ማሳው ተዘጋጅቶ፣ ዝናቡ ጀምሮ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ ሰው ሲያድር ማንም ስለ ፍልስፍና አያወራም።

ኮምፖስት እሠራለሁ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያለኝ ከብት ለጓሮው እንጂ ለማሳው አይበቃም። እበቱ ደግሞ የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነው፤ ለአፈሩም ለምድጃውም። ማዳበሪያም ግድብም ይቁም የሚል ሰው እበቱን ለሁለቱም እንዴት እንደሚያዳርስልኝ ይንገረኝ።

ዘጌ

ጋሼ የቲሊሊው፣ በአክብሮት እከራከርዎታለሁ። ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው በውኃ ሀብት ነው፤ ልጅቷ ብቻዋን እንድትቀር አልፈለግሁም።

የፎርማን ንግግር ያንገሸግሻል። ግን አንድ አሜሪካዊ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት በተናገረው በደብረ ማርቆስ ያለች ተማሪ ለምን ትጠየቃለች? የሚጮኸው ሰው የሚያስቀይም ቢሆንም የሚጮኽበት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በኦሞ ወንዝ ላይ ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሲሠራ ስለ ኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደሮችና ስለ ቱርካና ሐይቅ ዓለም እንዲሰማ ያደረጉት እኛ ‹‹ጽንፈኛ›› የምንላቸው ናቸው። እኛማ 1,870 ሜጋ ዋት ብለን አጨበጨብን። ወንዙ በሞላ ጊዜ ዳር ዳሩን ማሽላ ይዘራ የነበረው ሰው ጉሙዙን ማን ጠየቀው ያሉት ዓይነት ሰው አይደለም?

ዲከረንሱም ቢሆን። አገሩን ሁሉ በአንድ ዝርያ ሸፍነው በሽታው ሲገባ ምን ሆነ? ሲያደርቀው አይተዋል፤ እርስዎ ግን አልጻፉትም። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ በእጃችን ስንነቅል ኖረናል። አረሙ የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና አፈር ነው። የቡሬው ወንድሜ ስለ ስሪላንካ ያለው ልክ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ግን የማን እንደሆነ አልነገረንም።

ሰሜን ተራሮችንም ላንሣ። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ግትር ሰዎች ‹‹አይነካም›› ባይሉ ኖሮ ዛሬ በሥዕል ነበር የምናየው። ለዘብተኛ ሰው ብቻውን ምን አተረፈ?

የቲሊሊው

ልጄ ዘጌ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የመጣሽብኝ። የበሽታው ነገር እውነት ነው፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትትከሉ ብለን የጮኽን ባለሙያዎች ነበርን፣ ገበሬውም አሁን ወደ ባሕር ዛፍና ወደ ድንች እየተመለሰ ነው። ከወረቀቱ ጋር ግን አይገናኝም። ወረቀቱ ዝርያ አዋሕዱ አላለም፤ ንቀሉ ነው ያለው።

የኦሞውን ሰው ጉዳይ ተቀብዬሻለሁ። እሱ ‹‹ወንዜ›› ብሎ ሲከራከር ስለ ራሱ ኑሮ ነው፤ ልብ አድርጊ፣ ሰው በዝቷል አላለም። የሱን አቤቱታ ይዞ የሚጮኽ ካለ ይጩህ። እኔ የምጣላው አቤቱታውን ተውሶ፣ ከኋላው የራሱን ሃይማኖት ለጥፎ፣ ‹‹ሁሉንም ካልተቀበልክ ከእኛ አይደለህም›› ከሚለው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ራማቻንድራ ጉሃ የተባለው ሕንዳዊ የታሪክ ሰው ይህንኑ ጽፎባቸዋል። ሰው ያልነካው ዱር ይከለል የሚለው ሐሳብ ከአሜሪካ ተነሥቶ ገበሬ በሞላበት አገር ሲተከል፣ ሀብትን ከድሃ ወደ ሀብታም ማዛወር ይሆናል ነው ያለው። ለምሳሌነት ያነሣው የሕንድን የነብር መጠበቂያ ነው።

የሰሜን ተራሮችን ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ እንየው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ‹‹አደጋ ላይ ያለ›› ተባለ፤ በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በመካከሉ የግጭ መንደር ሰዎች ተነሥተው ደባርቅ ሠፈሩ። ገብሱን፣ መስኩን፣ የአባቱን መቃብር ትቶ የወጣው ሰው ለዋልያው ከፍሏል፤ ትኬት ቆርጦ ዋልያ ለማየት የሚመጣው ግን አልተነሣም፣ ሎጅ ተሠርቶለታል። ዋልያው ይኑር፣ እኔም እወደዋለሁ። ሒሳቡ ሲመጣ ለአንድ ሰው ብቻ አይምጣ ነው የምልሽ። ደግሞም ከፍለውለት ቁጥሩ መልሶ ወርዷል ሲባል እሰማለሁ፤ ገበሬውን ማስወጣት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ይህ ባልሆነ።

ግትርነት ለዘበኛ እንጂ ለሕግ አይሆንም። የደብር ዘበኛ ወይራ የቆረጠን ልጅ በዱላ ያባርራል፤ ደብሩ ግን ደግ አሮጊት ስትሞት ለቃሬዛዋ እንጨት አይከለክልም።

ዘጌ

ሒሳቡ ላይ ተስማምተናል። ግትርነቱ ላይ ገና ነን፤ ልጅቷ ያንን ካጣች በሁለት ዓመት ውስጥ እንደኛ ጥናት ጽፋ ትቀመጣለች።

የማርቆሱ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ወረቀቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጠን ነጥብ በነጥብ ሄድንበት። በየነጥቡ ፊት ‹‹ይህን የሚከፍለው ማን ነው?›› ብለው እንዲጽፉ አደረግሁ። የፓዌዋን ሴትዮ ነገርኳቸው፤ ልጅቷ ዝም አለችና ፎርማን የሚለውን ስም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ‹‹ራሴ አጣራለሁ›› አለችኝ። ትክክል ናት፣ ታጣራ።

ሥጋው ላይ ስንደርስ ያው የባሕር ዛፉ ልጅ፣ ‹‹እኛ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ጾመን፣ በተረፈው ደግሞ ዶሮ ለፋሲካ ነው፤ እነሱ ይፈርሙልን›› አለ። እሷም ሳቀች፣ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጅ ስለ መውለድ የሚለውን ‹‹ይህ የቤታችን ነው›› ብለው አጠፉት። ፌስታል ላይ ግን አልበገር አለች። በትምህርት ቤቱ ደጅ የሚሸጡት ሴቶች ቆሎና ድንች በፌስታል መስጠት እንዲያቆሙ ጠይቃ ነበር፤ በምን ይስጡ ሲሏት ‹‹በወረቀት ሾጣጣ፣ እኔ እጠቀልላለሁ›› ብላ ካለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት እየጠቀለለች ታከፋፍላለች። አልፈረምንም። ለድርጅቱም ለምን እንዳልፈረምን ልጆቹ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ መልስ አልመጣም።

አሁን የያዙት ሐሳብ በሐምሌ ጮቄ ግርጌ ላይ፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በተባለው ቦታ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ነው። ገበሬዎቹን አስቀድመው አነጋግረው ከየትኛው ጥግ ሣር እንደሚያጭዱ ተስማምተዋል። ችግራችን ዘሩ ነው። ወይራው በመደቡ ላይ ከተዘራ ቆየ፣ ብቅ አላለም። ጋሼ፣ ምን እናድርግ?

የቲሊሊው

ወይራ ከነድንጋዩ፣ ማለትም ዘሩን ከሸፈነው ጠንካራ ቅርፊት ጋር፣ ከዘራችሁት ሳይበቅል ይተኛል። የበሰለውን፣ የጠቆረውን ፍሬ ልቀሙ፤ ሥጋውን በአሸዋ አሽታችሁ እጠቡት። ሲደርቅ ድንጋዩን ጫፉ ላይ በቀስታ ሰንጥቁት፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ከተጎዳ አይሆንም፣ ስለዚህ መዶሻ ለትልልቆቹ ልጆች አይስጡ፣ ትዕግሥት ላላቸው ይስጡ። ውኃ ውስጥ ካሳደራችሁ በኋላ ዝሩ፤ መደቡን በሣር አጥሉት።

የኮሶ ዘር የሚገኘው ከሴቴዋ ነው፤ አበባዋ ቀላ ያለው ናት። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ላዩ ላይ በትነው አፈር ስስ አድርገው ያልብሱት እንጂ አይቅበሩት። ሳይቆይም ይዘራ፤ ካስቀመጡት ይደክማል። እኔ ዘንድ ከአንድ ደብር ግቢ የለቀምኩት አለ። ወደ ማርቆስ የሚመጣ መኪና ሳገኝ እልክላችኋለሁ፤ ለዚያች ልጅ ይስጡልኝ።